ሰማያዊው ፎም ለትልቅ ሞዴል፦ «ጉማሬ»ን የሠራሁበት ኤክስፒኤስ

ትልቅ የአውሮፕላን ሞዴል ከዜሮ ለመሥራት ለምታስቡ ዋናውን ነገር ቀድሜ ልናገር። ለሞዴል ሥራ ተብሎ የሚሸጠውን ስስ ፎም ተዉት። ለሕንፃ ሙቀት መከላከያ የሚያገለግለውን ወፍራሙንና ሰማያዊውን ፎም፣ የኤክስፒኤስ ሰሌዳ ያዙ። በተለይ የምትሠሩት አውሮፕላን የትም የሌለ፣ ከሳይንስ ፊክሽን ዓለም የመጣ ከሆነ እስካሁን ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። አለበት፤ እሱንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

የእኔ አውሮፕላን «ጉማሬ» ይባላል። ስሙን ያወጣችለት የእህቴ ልጅ ናት። ሥዕሉንም የሳልነው አብረን ነው። ከባቢ አየሩ በጣም ወፍራም በሆነ ሌላ ፕላኔት ላይ ጭነት የሚያመላልስ አድርገን አሰብነው። ሆዱ ሰፊ ነው። ክንፎቹ እንደተለመደው ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት ያዘነበሉ ናቸው። ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ የሞተር ማቀፊያዎች አሉት። ርዝመቱ 2 ሜትር ነው፤ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.8 ሜትር። ደግሞ በሬዲዮ እየተመራ የሚበር እንጂ ለጌጥ የሚሰቀል አይደለም። ይህ ሁሉን ነገር ይለውጠዋል። ለሚበር ነገር እያንዳንዱ ግራም ይቆጠራል።

ወፍራሙን ፎም ለምን መረጥኩ? በእውን ያለ አውሮፕላን ስትሠሩ ተዘጋጅቶ የሚጠብቃችሁ ንድፍ ይኖራል። ለጉማሬ ግን ማንም ንድፍ አላወጣለትም። የነበረን ከፊት፣ ከጎንና ከላይ የተሳሉ ሦስት ሥዕሎች ብቻ ነው። ስስ ፎም መጀመሪያ አጽም ይፈልጋል። በየቦታው ደጋፊ ቆርጣችሁ ታቆማላችሁ፣ ከዚያ ፎሙን እያጎበጣችሁ በላዩ ታለብሳላችሁ። በአንድ አቅጣጫ ለመጉበጥ እሺ ይላል። እንደ አፍንጫ ባለ በሁሉም በኩል ክብ በሆነ ቦታ ላይ ግን አይሆንም፤ ይሰነጠቃል ወይም ይጨማደዳል። ወፍራሙ ፎም ይጠረባል። ጠርባችሁ ራቅ ብላችሁ ታያላችሁ፣ ካልጣማችሁ እንደገና ትጠርባላችሁ። የጉማሬ አፍንጫ ሥዕሉ ላይ ከነበረው የተሻለ ሆኗል፤ ምክንያቱም ቅርጹ የተገኘው እዚያው በእጃችን ላይ ነው። ንድፍ ለሌለው ነገር ይህ ነፃነት ትልቅ ዋጋ አለው።

ስለ ሰሌዳው ራሱ ትንሽ ልበል። ኤክስፒኤስ ከፖሊስታይሪን የሚሠራ ፎም ነው። ነጩና ፍሬ ፍሬ የሚለው ፎም ዘመዱ ነው፤ አሠራራቸው ግን ይለያያል። ነጩ የተነፉ ትናንሽ ፍሬዎች ተጣብቀው ነው። ስትፈገፍጉት ፍሬው እንዳለ ይነቀልና ጉድጓድ ትቶ ይሄዳል። ኤክስፒኤስ ቀልጦ በአፈ-ጠባብ ማሽን እየተገፋ የሚወጣ በመሆኑ ውስጡ ወጥ ነው። ዳው ኬሚካል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ስታይሮፎም በሚል ስም አወጣው። መጀመሪያ ካገለገለባቸው ነገሮች አንዱ የነፍስ አድን ታንኳ ነው። ውሃ የማያሳልፍ መሆኑ ያኔ የተፈለገበት ዋና ምክንያት ነበር። ይኸው ጠባይ ለእኛ አንድ ጣጣ ያመጣል፤ ወደ ማጣበቂያው ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ። አንደኛው ጥንካሬው ነው። ሰሌዳው ላይ ብዙ ጊዜ 200፣ 300፣ 500 ወይም 700 ኪሎፓስካል የሚል ቁጥር ይኖራል። ምን ያህል ጫና ሲያርፍበት ውፍረቱ በ10 በመቶ እንደሚጨመቅ የሚናገር ነው። 500ና 700 ለከባድ ወለል ናቸው፤ ለእኛ ክብደት ከመጨመር ሌላ ጥቅም የላቸውም። 300 ይበቃል፤ 200 ካገኛችሁ እሰየው። ሁለተኛው ፊቱ ነው። አንዳንዱ ልስን እንዲይዝለት ተብሎ ፊቱ በመስመር የተቦረቦረ ነው። ያንን ለማስተካከል ብዙ ፎም ይባክናል። ልሙጡን ውሰዱ። ሦስተኛው ጠርዙ ነው። ደረጃ ተደርጎ የተቆረጠውን ትታችሁ ቀጥ ያለውን ምረጡ።

ክብደቱን ቀድማችሁ አስሉት። 1.25 ሜትር በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰሌዳ 0.0375 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ሜትር ኩቡ 32 ኪሎ የሚመዝን ከሆነ ሰሌዳው 1.2 ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። የጉማሬን ሆድ ከአንድ ወጥ ፎም ብንጠርበው ኖሮ ፎሙ ብቻውን ከ2 ኪሎ ያልፍ ነበር። ሞተርና ባትሪ ሲጨመር መነሳቱንም እጠራጠራለሁ።

ስለዚህ ሰሌዳዎቹን ንብርብር አድርገን ነው የሠራነው። እያንዳንዱን ንብርብር በቅርጹ ቆረጥን። ከመጣበቁ በፊት መሀሉን አወጣንለትና ግድግዳው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ቀረ። ሲደራረቡ ውስጡ ክፍት የሆነ ሆድ ይወጣል። ባትሪው፣ ሬዲዮ ተቀባዩና ሽቦው ሁሉ እዚያ ይገባል። ሰሌዳው 1.25 ሜትር፣ አውሮፕላኑ 2 ሜትር ስለሆነ እያንዳንዱ ንብርብር ቅጥያ አለው። ቅጥያዎቹ በአንድ መስመር እንዳይውሉ ግንበኛ ብሎኬት እንደሚያፈራርቀው አፈራርቋቸው። አለበለዚያ ሆዱ ለሁለት የሚከፈልበትን ቦታ በገዛ እጃችሁ አዘጋጃችሁለት ማለት ነው።

ማጣበቂያው ላይ ደረስን። ነጩን የእንጨት ኮላ ለሰፊ ንብርብር አትጠቀሙ። የሚደርቀው ውሃው ሲተን ነው፤ ፎሙ ደግሞ ውሃ አያሳልፍም። ጠርዙ ይደርቅና መሀሉ ለቀናት እርጥብ ሆኖ ይቀመጣል። ተራው ሱፐር ግሉ ፎሙን ይበላዋል፤ ለፎም ተብሎ የተዘጋጀው ሽታ አልባው ዓይነት ግን አይነካውም። ለትልልቁ ንብርብር እኔ የምወደው በእርጥበት የሚደርቀውን የፖሊዩሬታን ማጣበቂያ ነው። የሰሌዳውን የሚያብረቀርቅ ፊት መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ሸካራ አድርጉት። አንዱን ፊት በስሱ ቀቡ፤ በሌላው ላይ ውሃ በጭጋግ መልክ ርጩ፤ ግጠሙና ክብደት ጫኑበት። ማጣበቂያው እየነፋ ስለሚደርቅ ክብደቱ ካነሰ ሰሌዳዎቹን ያነሳቸዋል። ለትናንሽ ክፍሎች እንደ ዩሁ ፖር ያለው፣ ሁለቱንም ፊት ቀብታችሁ ጥቂት አቆይታችሁ የምትገጥሙት ዓይነት ይመቻል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አብዛኛው ማጣበቂያ ሲደርቅ ከፎሙ ይጠነክራል። ወደ ውጭው ፊት ከተጠጋ፣ ስትፈገፍጉ ፎሙ ይጎድላል፣ የማጣበቂያው መስመር ግን ጎልቶ ይቀራል። ከቀለም በኋላም ይታያል። ስለዚህ ተጠርቦ ከሚቀረው የመጨረሻ ፊት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አስቀሩት።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። ክንፉን የቆረጥነው በጋለ ሽቦ ነው። ሽቦው ኒክሮም ይባላል፤ የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ነው። ከእንጨት በተሠራ ቀስት ላይ አንድ ሜትር ያህል ወጠርነው። 0.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው፣ አንድ ሜትሩ ተቃውሞው 5.5 ኦም ገደማ ነው። 12 ቮልት ሲሰጡት 2 አምፔር ያህል ይስባል፤ ለኤክስፒኤስ ይሄ ይበቃል። ቀልቶ ከታያችሁ ከልክ በላይ ግሏል፤ ቀንሱት። ሽቦ ሲግል ይረዝማልና ቀስቱ ላይ ስፕሪንግ ይኑር፤ ካልሆነ ይላላል።

ሽቦው ተከትሏቸው የሚሄድ፣ የክንፉን የጎን ቅርጽ የያዙ ሁለት ፎርማዎች ከስስ ኮምፔንሳቶ ቆረጥን። አንዱ ለክንፉ ሥር፣ 45 ሴንቲ ሜትር። ሌላው ለክንፉ ጫፍ፣ 22 ሴንቲ ሜትር። ሁለቱም ላይ ከ1 እስከ 10 እኩል ከፍለን ቁጥር ጻፍን። ፎርማዎቹን በፎሙ ግራና ቀኝ ሰካናቸው። እኔ በሥሩ በኩል ቆምኩ፣ የእህቴ ልጅ በጫፉ በኩል። ቁጥሩን የምትጠራው እሷ ናት። «ሦስት… አራት… አጎቴ ቆይ፣ ገና ነኝ… እሺ አምስት።» የእኔ መንገድ ከእሷ በእጥፍ ይረዝማል፤ ግን ሁለታችንም አምስት ላይ እኩል መድረስ አለብን። ሽቦውን መግፋት አያስፈልግም። በራሱ ክብደት እንዲወርድ ትተዉታላችሁ፤ የእናንተ ሥራ ፍጥነቱን መያዝ ብቻ ነው። በትክክል ሲሄድ ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። ከኋላው ቀጫጭን ክሮች እየጎተተ ያልፋል። የተቆረጠው ፊት ለስላሳና ትንሽ የሚያብረቀርቅ ሆኖ ይወጣል። መሀል ላይ ለአፍታ ከቆማችሁ ግን ሽቦው የቆመበት መስመር ይጎደጉዳል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እወቁ። በጫፉ በኩል መንገዱ አጭር ስለሆነ ሽቦው እዚያ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ቀስ ያለ ሽቦ ብዙ ፎም ያቀልጣል። ስለዚህ ጫፉ ከፎርማው አነስ ብሎ ይወጣል። እኛ የጫፉን ፎርማ ዙሪያውን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ሰፋ አድርገን ቆረጥነው። ሁለተኛ፣ ሽቦው ፎም ውስጥ እያለ መሀሉ ወደ ኋላ ይቀራል። ፎርማው በክንፉ የኋላ ጠርዝ በኩል ከፎሙ አልፎ ይውጣ። ዳር ላይ ስትደርሱ እዚያ ቆማችሁ መሀሉ እስኪደርስ ጠብቁት። ይህ ካልሆነ የኋላው ጠርዝ መሀል ላይ ቅርጹን ያጣል።

ይህ ዘዴ ለመጫወቻ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካዊው የአውሮፕላን ነዳፊ በርት ሩታን የነደፋት ቫሪ-ኢዚ እ.ኤ.አ. በ1975 ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው። የክንፏ ፎም በጋለ ሽቦ ተቆርጦ፣ በፋይበር ግላስ ተሸፍኖ ነው የሚሠራው። ሰው ተሳፍሮባት የምትበር አውሮፕላን ናት። ብዙ ሰዎችም በየቤታቸው ሠርተዋታል።

መስኮት ክፈቱ። ሲቀልጥ የሚወጣው ጭስ ስታይሪን አለው፤ ጭንቅላት ያዞራል። ቢጫውን የፖሊዩሬታን ፎም ደግሞ በጭራሽ በጋለ ሽቦ አትንኩት። ሲቃጠል ሃይድሮጅን ሳያናይድ ሊያወጣ ይችላል። እሱ በቢላና በብርጭቆ ወረቀት ብቻ ነው የሚሠራው። ልጅ አብሯችሁ የሚሠራ ከሆነ ይህን ደግማችሁ ደጋግማችሁ ንገሩት።

ወደ ፊት ያዘነበለ ክንፍ የራሱ ጠባይ አለው። አየሩ ሲገፋው ጫፉ ወደ ላይ ይጠመዘዛል። ሲጠመዘዝ ይበልጥ ይገፋል፤ ሲገፋ ይበልጥ ይጠመዘዛል። እ.ኤ.አ. በ1984 የበረረው ኤክስ-29 የተባለው የአሜሪካ የሙከራ ጄት ይህንን የተቋቋመው የክንፉ የካርቦን ንብርብሮች በተመረጠ አቅጣጫ ስለተነጠፉ ነው። ፎም ብቻውን ይህን የሚጠመዝዝ ኃይል አይችለውም። እኛ ሁለት ነገር አደረግን። በክንፉ ርዝመት የካርቦን ቱቦ ቀበርንበት። የፋይበር ግላሱን ጨርቅ ደግሞ ክሩ ከክንፉ ጋር 45 ዲግሪ እንዲሠራ አዙረን አለበስነው። አሁን ጫፉን ይዤ ለማጣመም ስሞክር ንቅንቅ አይልም።

ክብደቱ የት ላይ እንደሚያርፍ ለማወቅ ደግሞ ከ6 ሚሊ ሜትር ፎም የጉማሬን ሩብ ያህል የምታህል ጠፍጣፋ ሞዴል ቆርጠን በእጃችን እየወረወርን አየናት። አፍንጫዋ ላይ ክብደት እየጨመርንና እየቀነስን ቀጥ ብላ እስክትንሸራተት ድረስ። የማንም ንድፍ ለሌለው አውሮፕላን ይህን ሳታደርጉ ትልቁን ወደ ሰማይ አትላኩት።

አሁን ደግሞ ቅሬታዬ። የዚህ ፎም ትልቁ ጉድለት ሙቀትና ኬሚካል አለመቻሉ ነው። አምራቾቹ ራሳቸው ብዙ ጊዜ የሚፈቅዱት እስከ 75 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በቀትር ፀሐይ ጥቁር የተቀባ ፊት እዚያ ለመድረስ ብዙ አይቸግረውም። የሳይንስ ፊክሽን አውሮፕላን ደግሞ ጥቁር ቢሆን ያምርበታል፤ እኛም መጀመሪያ ያሰብነው እንደዚያ ነበር። በመጨረሻ ፈዛዛ ግራጫ ሆነ፤ ጥቁሩ ለትናንሽ ሰሌዳዎችና ለሞተሩ አፍ ብቻ ቀረ። ተሠርቶ ካለቀም በኋላ በተዘጋ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዉት።

ኬሚካሉን በተመለከተ አንድ የምር ያናደደኝ ነገር አለ። ቆርቆሮው ላይ «ፎም አይጎዳም» ተብሎ የተጻፈበት ስፕሬይ ቀለም ገዛሁ። ሁሌም እንደማደርገው ቁራጭ ፎም ላይ ሞከርኩት። ትንሽ ቆይቶ ፊቱ ተቦርቡሮ ጉድጓድ በጉድጓድ ሆነ። አንድ ሰው ያንን ጽሑፍ አምኖ የወራት ሥራውን ቢቀባበትስ? ቆርቆሮው ምንም ይበል፣ ቁራጭ ላይ ሳትሞክሩ አትቀቡ። አሴቶን፣ ቤንዚንና ፖሊስተር ሬዚን ፎሙን ያሟሙታል። ኢፖክሲ፣ ማለትም ሁለት ክፍሎቹ ሲቀላቀሉ የሚጠነክረው ሬዚን፣ አይነካውም። በውሃ የሚሟሟ ቫርኒሽና አክሪሊክ ቀለምም አይነኩትም።

ሌላው ቅሬታዬ መጣመሙ ነው። ሰሌዳው ከፋብሪካ ሲወጣ ሁለቱም ፊቱ ላይ ጠንከር ያለ ቆዳ አለ። አንዱን ብቻ ስታነሱ ውስጡ ያለው ውጥረት ይዛባና ሰሌዳው ይጎብጣል። ሁለቱንም ፊት እኩል አንሱ፤ ከዚያም አሳድራችሁ ተመልከቱት። ብናኙም ያስቸግራል። በኤሌክትሪክ ተስቦ ልብስና ፀጉር ላይ ይለጠፋል፤ ማስክ ሳታደርጉ አትፈግፍጉ። ብርጭቆ ወረቀቱን በሸካራው በቁጥር 80 ጀምራችሁ በለስላሳው በቁጥር 240 ጨርሱ፣ እጃችሁንም አታክብዱ። የደነዘ ወረቀት አይፈገፍግም፤ ይቦጭቃል።

ማጠናቀቂያው ላይ ግን ፎሙ ይክሳል። በሜትር ካሬ 25 ግራም የሚመዝነውን ስስ የፋይበር ግላስ ጨርቅ አንጥፋችሁ በውሃ የሚሠራ የፖሊዩሬታን ቫርኒሽ በብሩሽ ትቀቡታላችሁ። ሲደርቅ ቀለል ያለ ስቱኮ፣ ፍግፈጋ፣ ከዚያ ቀለም። ኢፖክሲ ይበልጥ ይጠነክራል፤ ግን ይከብዳል። እኛ በኢፖክሲ የሠራነው መሬት የሚነካውን ሆዱን ብቻ ነው።

ትልቅ ሞዴልን ትልቅ የሚያስመስለው ግን ርዝመቱ አይደለም፤ ትናንሽ ዝርዝሩ ነው። ቀለሙ ያለቀ የእስክሪብቶ ጫፍ በማስመሪያ ላይ አስደግፋችሁ ጨርቁ ከመልበሱ በፊት ፎሙ ላይ ጫን አድርጋችሁ ብትጎትቱት የብረት ሰሌዳ መገጣጠሚያ የሚመስል ጥርት ያለ መስመር ይወጣል። ትንሽ ጠለቅ አድርጉት፤ ቫርኒሹ ጥቂቱን ይሞላዋል። የእህቴ ልጅ የጭነት በሩ አጠገብ የሰው ቁመት የሚያህል በር ሣለች፤ 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ያን በር ካያችሁ በኋላ ዓይናችሁ የቀረውን ሁሉ በእሱ ይለካል፣ ጉማሬም በአንድ ጊዜ ግዙፍ ይሆናል። ይህን መስመር በነጩ ፎም ላይ ብትሞክሩት በፍሬዎቹ መሀል እየዘለለ ይበላሻል።

ለሁሉም ሰው ግዙት አልልም። ሞዴላችሁ ከ1 ሜትር በታች ከሆነ ስስ ፎም ይቀላችኋል። ገና መብረር የምትማሩና ደጋግማችሁ የምትወድቁ ከሆነ ደግሞ ኢፒፒ የሚባለውን ከፖሊፕሮፒሊን የሚሠራ ፎም ፈልጉ። እሱ ሲመታ ይታጠፍና ይመለሳል፤ ኤክስፒኤስ ይሰበራል። ከ1.5 ሜትር በላይ የሆነ፣ ንድፍ የሌለው፣ ሆዱ ክብ የሆነ ነገር ለመሥራት ካሰባችሁ ግን 50 ሚሊ ሜትሩን ለአካሉና ለክንፉ፣ 20 ሚሊ ሜትሩን ለጭራውና ለክዳኖቹ ያዙ። ስታስቀምጡት አጋድማችሁ አስተኙት፤ ግድግዳ ላይ ካስደገፋችሁት ሳትጀምሩት ይጎብጣል።